የይመር ጢምና የእኔ ከል

ከመነሣቴ በፊት

ባለቤቴ መኮንን ባረፈ በሰባተኛው ወር፣ ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቼ ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ። የሄድሁት ለሕክምና አይደለም፤ ዘመድም አልሞተብኝም። ቦሌ ውስጥ በሚደረግ ዓለም አቀፍ የቡጢ ውድድር ላይ ልሠራ ነው። ከል የለበሰች ጡረተኛ አስተማሪ ለቡጢ አገር አቋርጣ መሄዷ ብዙ ሰው አስገርሟል፤ የተቆጡም አሉ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

መኮንን በወጣትነቱ ለጦር ሠራዊት ቡድን ይጋጠም ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰና በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ አሸዋ የሞላው ከረጢት ሰቅሎ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ጣቶቹ በጨዋታ ዘመኑ ተሰባብረው ስለ ነበር ፋሻ አጥብቀው መያዝ አይችሉም። የልጆቹን እጅ የምጠቀልለው እኔ ነበርሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳችን ላይ ተሰልፈው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። ከነዚያ ሁሉ ጠንክሮ የወጣው ይመር ነው። ዕድሜው ሃያ አራት ነው፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ መኮንንን እንደ አባት ነበር የሚያየው።

የውድድሩ ወሬ የመጣው መኮንን አልጋ ከያዘ በኋላ ነው። ከስምንት አገር የተውጣጡ ስምንት ቦክሰኞች የሚገናኙበት ጥሎ ማለፍ ነበር፤ የተሸነፈ በዚያው ይሰናበታል፣ ያሸነፈ በማግስቱ ሌላ ይገጥማል፣ ፍጻሜው በሳምንቱ ነው። መኮንን ቅጹን አስሞላኝ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ቦክሰኛ ከሚለው ፊት ለፊት የይመርን ስም፣ አሰልጣኝ ከሚለው ፊት ለፊት የራሱን አጻፈኝ። ረዳት የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ «ያንቺን ስም ጻፊ» አለኝ።

«ቀልዱን ተወው» አልሁት።

«እጁን ማን ሊጠቀልልለት ነው ታዲያ?» አለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ጻፍሁ። ቅጹ በፖስታ ሄደ። ሰኔ ላይ መኮንን ዐረፈ። ጥቅምት ላይ ይመርን ተቀብለነዋል፣ ቅጹ ላይ የተመዘገበው ረዳት አብሮት መገኘት አለበት የሚል ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብሁትና ለመሄድ ወሰንሁ። መኮንን ካስጀመራቸው ነገሮች ሁሉ ሳይጨረስ የቀረው ይኸኛው ብቻ ነበር። ይመር ሪንግ ውስጥ ካልቆመ ያ ቅጽ ከንቱ ወረቀት ሆኖ ሊቀር ነው።

የመኮንን ታላቅ እህት ትርንጎ የምትኖረው እኛው ግቢ ነው። ስነግራት ምስር እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ዓመቱ ሳይወጣ?» አለች። «ባሏን ቀብራ ጨዋታ ልታይ ሄደች ነው የሚሉሽ ጥሩዬ።»

«ለማየት አይደለም። ልሠራ ነው።»

«ሰው ሲፈነካከት ደም መጥረግ ሥራ ነው?»

«ወንድምሽ የሠራው ሥራ ነው።»

ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች። ትርንጎ የተቆጣችበት ምክንያት አለ። በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ራሱን ከሐዘን አያወጣም። ጊዜው ሲደርስ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ «ይብቃሽ» ይላል፤ ከሉን አስወልቆ ነጭ ያለብሳል። ትርንጎ ለዚያ ቀን የምታለብሰኝን ነጠላ ከክረምት ጀምራ በእጇ ስትፈትል ከርማ፣ በዚያው ሳምንት ለሸማኔ ሰጥታው ነበር። እሷም ራሷ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ነው የፈተለችው።

ሐሙስ፣ መንገዱ

አውቶቡሱ ከኮምቦልቻ የተነሣው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ለአንድ ሰው ሠላሳ ሁለት ብር ከፈልን። ይመር የመኮንንን ሻንጣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አልለቅም አለ። በውስጡ ፋሻ፣ ጥጥ፣ ቫዝሊን፣ መቀስ፣ ፎጣና የውሃ ጠርሙስ አለ። የክብደት ልኬቱ በማግስቱ ስለ ነበረ ምግብ አይነካም፤ ሲጠማው ከንፈሩን በውሃ ያርሳል።

ከሚሴን፣ አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ቆላው አበቃ። ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። አንዲት ቆሎ ሻጭ ይመርን ስታይ ነጠላዋን አስተካከለች። የይመር ጢም ከቀብሩ ቀን ጀምሮ መቀስ አልነካውም። ሴቷ ከል እንደምትለብስ ወንዱ ጢሙን ያሳድጋል። የመኮንን ዓመት እስኪወጣ ላይላጭ ለራሱ ቃል ገብቷል። ጢሙ ጥቁርና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ደረቱ ላይ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

«አባ፣ ይባርኩኝ» አለችው፤ አንድ ስኒ ቆሎ በነጻ ዘረጋችለት።

«እኔ አባ አይደለሁም እናቴ። ቦክሰኛ ነኝ።»

ቆሎዋን መለሰች። «በዚህ ጢም ነው የምትደበድባቸው?» ስትለው አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። ይመርም ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ከሰኔ ወዲህ ያኔ ገና ነው።

ከዚያ ዳገቱ ነው። ሾፌሩ ማርሽ እየቀያየረ በጠመዝማዛው ወጣ። ጣርማ በር ላይ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ጉሙ አብሮን ገባ፤ ስንወጣ ብርዱ ሌላ አገር ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ ለምሳ ቆምን። እኔ ሽሮ በላሁ፤ ይመር ውጭ ቆሞ ጀርባውን ለምግብ ቤቱ አዞረ። ሰንዳፋን አልፈን በኮተቤ ወደ ከተማው ገባንና አሥር ሰዓት ላይ መገናኛ ወረድን። ሁለት ታክሲ ቀይረን ወሎ ሰፈር ደረስን።

ወሎ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእኛው አገር ሰዎች ነው። ጋራዦቹና ሱቆቹ መካከል «ከየት መጣችሁ? ከብቶቹ እንዴት ናቸው? ዝናብ አለ?» የሚለው አነጋገር ገና የደሴ መንገድ ላይ ያለሁ አስመሰለኝ። የምናርፈው ኮምቦልቻ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ሰው በላከን መሠረት አክስቱ ዘሀራ ቤት ነው። ዘሀራ ሱቅ አላት፤ ከሱቁ በስተጀርባ ሁለት ክፍል ታከራያለች። ዕድሜዋ ከእኔ ዕድሜ ጋር ይቀራረባል። ከሌን ስታይ ሻንጣዬን ተቀብላ «አብሽሪ እህቴ» ብቻ አለችኝ፤ ማን እንደ ሞተብኝ አልጠየቀችም። የክፍሉን ዋጋ ስጠይቃት «እሱን ስትሄጂ» አለች።

ዓርብ፣ ጢሙ

ይመር ጎሕ ሲቀድ ሊሮጥ ወጣ። ከኤርፖርቱ ጀርባ እስከ ቦሌ ቡልቡላ እርሻ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ጤፍ የሚወቁ ሰዎች አስቁመው «ማን እያባረረህ ነው? እንያዝልህ?» ብለውታል። ማንም እንዳላባረረው ሲነግራቸው «ታዲያ ምን አደከመህ?» አሉት። ይህን እያወራ ሚዛን ላይ ሊወጣ ሄድን።

ልኬቱ የሚደረገው ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ሆቴል አዳራሽ ነው። ስምንቱ ቦክሰኞች ግድግዳ ጥግ ተደርድረዋል፤ ኬንያዊ፣ ኡጋንዳዊ፣ ታንዛኒያዊ፣ ከአውሮፓ የመጡም አሉ። ብርድ ልብስ የደረበም፣ ሎሚ የሚመጥም አለ። ጥግ ላይ ደግሞ ብርቱካን እየላጠ የሚበላ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ተቀምጧል። እሱ ተጠባባቂ ነው፤ ከስምንቱ አንዱ ከቀረ የሚገባው እሱ ነው።

የምዝገባው ጸሐፊ ቅጻችንን አየች። እኔን አየች፤ እንደገና ቅጹን አየች።

«ረዳት ጥሩወርቅ የሚለው እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አሰልጣኙስ?»

«ዐርፏል።»

እስክሪብቶዋን አነሣች። «እንግዲያው ስማቸውን ልሰርዘው?»

«አይሰረዝ» አልኋት። «ያሠለጠነው እሱ ነው። ሌላ ያሠለጠነው የለም።»

ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

ይመር ሚዛኑ ላይ ወጣ። ስልሳ ሦስት ኪሎ ተኩል ልክ መጣ። ቀጥሎ ሐኪሙ ነው፤ ፀጉራቸው የሸበተ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ዓይኑን በባትሪ አዩ፣ ጆሮውን፣ ልቡን፣ የጣቶቹን አጥንት። በመጨረሻ ጢሙን በሁለት ጣት ያዙት።

«ይኼ መነሣት አለበት ልጄ።»

«አይነሣም» አለ ይመር።

«ጓንት ጢም ላይ ሲያርፍ ይለዝባል። አንተ መንጋጋህ ላይ ትራስ አስረህ የሌላው ባዶ ሊሆን ነው። ደግሞ ከሥሩ ብትፈነከት አላይም።»

«የሐዘን ጢም ነው ዶክተር» አልሁ እኔ።

ሐኪሙ ዞረው ከሌን አዩ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉኝ። «ደንቡ ግን ለሐዘን የተለየ ቦታ የለውም። ነገ ሦስት ሰዓት እንደገና አየዋለሁ። ካልተላጨ ተጠባባቂው ይገባል።»

ስንወጣ ተጠባባቂው ብርቱካኑን ጨርሶ እጁን እየጠረገ ነበር። «ወንድም፣ ጢምህ በጣም ያምራል» አለው ለይመር። «በናትህ እንዳትነካው።»

ዘሀራ ግቢ ደርሰን ይመር በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እንሂድ» አለኝ። «ነገ በጠዋት አውቶቡስ አለ።»

«ሰባት ወር የተዘጋጀኸው ለምንድን ነው?»

«ለጋሼ ብዬ ነው። ጢሙም ለጋሼ ነው። አንዱን ለማግኘት አንዱን ልጥለው?»

«ጋሼህ ቢኖር ተላጭ ይልህ ነበር።»

«ቢኖር ጢም የለኝም» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ደግሞስ እትዬ፣ ባለ ሐዘኗ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ከል ለብሰው እኔ ተላጭቼ፣ ቅባት ተቀብቼ ሕዝብ ፊት ልቁም? ሰው የሚለው ይቅር። እኔ ራሴን ምን እለዋለሁ?»

ተነሥቼ ወጣሁ። በቦሌ መንገድ ዳር ወደ ኤርፖርቱ አቅጣጫ ብዙ ሄድሁ። በአጥሮቹ ላይ ወይን ጠጅ አበባ ተንጠልጥሏል። አውሮፕላን ሲያርፍ ሰው ንግግሩን አቋርጦ ይቆይና ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ የአውቶቡስ መጠበቂያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ይመር የተናገረው ልክ ነበር። በእኛ ወግ መጀመሪያ የምትወጣው ባለ ሐዘኗ ናት። እኔን ሳያወጡ እሱን ማውጣት የለም። ኮምቦልቻ ላይ ለትርንጎ የመለስሁላት ሁሉ የድፍረት ቃል ነበር፤ ከሌን ስለማውለቅ ግን ለአንድ አፍታም አላሰብሁም። ከሉን ያቀለምሁት ራሴ ነኝ፤ የሰርክ ቀሚሴንና ነጠላዬን በአንድ ድስት ውስጥ ከጥቁር ቀለም ጋር አፍልቼ። በደንብ ስላልያዘ ላብ ሲነካው ይለቃል። አንገቴና የእጄ አንጓዎች ሰባት ወር ሙሉ እንደ ከሰል ነበሩ። ሳልታጠብ ቀርቼ አይደለም። እታጠባለሁ፣ እለብሳለሁ፣ ተመልሶ ይይዘኛል። ያንን ለምጄው ነበር። ጠዋት ስነሣ ምን እንደምለብስ አውቃለሁ፤ ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ያለ እሱ በር የማልፍበትን መንገድ አላውቅም ነበር።

ይህን ሁሉ አሰብሁ። አስቤ ስጨርስ ግን ነገሩ ሁለት ብቻ ሆነ፤ ወይ ከሉ ወይ ቅጹ። ከሉን ያቀለምሁት እኔ ነኝ። ቅጹን ያስጻፈኝ መኮንን ነው። ተነሥቼ ተመለስሁ።

ዘሀራ ሱቋ ውስጥ ስኳር እየመዘነች ነበር። ሁሉንም ነገርኋት። «ግን ሰው እኮ ራሱን አያወጣም» አልኋት። «ዘመዶቼ ኮምቦልቻ ናቸው።»

ስኳሩን ከሚዛኑ ላይ አወረደች። «ታዲያ እኛ ምንድን ነን?» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ሼህ እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ከደሴ የመጣች አስካለ የምትባል ክርስቲያን ጎረቤት፣ ሁለት የጋራዥ ሠራተኞች ከነቱታቸው፣ አንድ የታክሲ ሾፌር። ዘሀራ ሌሊቱን ማን ቤት እንዳንኳኳች አላውቅም። ይመር ከክፍሉ ሲወጣ ሰዎቹን አየና ግራ ተጋብቶ ቆመ።

ሼህ እንድሪስ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ባልሽን በመልክ አላውቀውም። የአገሬ ሰው ነው፣ ይበቃኛል። የዚህ ልጅ እጅ የእሱ ሥራ ነው ይላሉ። አልቅሰሽለታል። ሰባት ወር ከል ለብሰሽለታል። የቀረው ሥራው ነው። አሁን ይብቃሽ።»

«ይብቃሽ» አሉ ሌሎቹ። ሼሁ ዱዓ ሲያደርጉ አስካለ አሜን እያለች ታማትብ ነበር።

ሴቶቹ ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ዘሀራ የራሷን ቀሚስና ነጭ ነጠላ አወጣች። ከሉን ከላዬ ያነሣችው አስካለ ናት። ዘሀራ አንገቴን በሎሚና በሳሙና ፈተገችው፤ ውሃው ጠቆረ እንጂ አንገቴ አልነጣም። «ይኼ በአንድ ቀን አይለቅሽም» አለች። ቀሚሷ አጥሮኝ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቴ ይታያል። አለቀስሁ። ያኔም የሚያስጨንቀኝ ሰዓቱ ነበር።

ስወጣ ይመር አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሼህ እንድሪስ በዘንጋቸው ጠቆሙት። «አንተ ባሕታዊ፣ ባለ ሐዘኗ ወጥታለች። ምን ትጠብቃለህ? ና ይብቃህ።»

መጥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ከዚያ የእኔን።

ፀጉር አስተካካዩ ከጋራዡ ጎን ነው። ይመር ሲገባ መቀሱን ይዞ ዙሪያውን ዞረው። «ወንድሜ፣ ከዚህ ሁለት ትራስ ይወጣል» አለ። ምላጭ ሲያነሣ እጁን ያዝሁት። መኮንን ለግጥሚያ ምላጭ አያስነካም ነበር፤ ፊት ይቆጣና የጓንቱ ቆዳ ሲነካው ይላጣል።

«በመቀስና በማሽን ብቻ» አልሁት።

«እናቴ፣ ቦክሰኛው ማን ነው፣ እሱ ነው እርስዎ ነዎት?»

«ዛሬ ሁለታችንም ነን።»

ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ሐኪሙ ፊት ቆምን። የይመርን አገጭ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ነጠላዬን አዩ። ፈረሙ። ተጠባባቂው ቦርሳውን አንሥቶ በአጠገባችን ሲያልፍ «ጢምህን አምኜ፣ ልጋጠም ነው ብዬ ቁርስ በልቼ ነበር» አለው። እጁን ለይመር ዘረጋለት፤ ተጨባበጡ።

ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት

እጁን የጠቀለልሁለት ከአዳራሹ ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። መጀመሪያ አውራ ጣት፣ ከዚያ የእጅ አንጓ ሦስት ዙር፣ ከዚያ በጣቶቹ መካከል። እጄ መንገዱን ያውቀዋል። አንድ የውጭ አገር ተቆጣጣሪ ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ የጠቀለልሁትን መረመረ። የግራው ፋሻ ላይ ጥቁር ነገር አየና ጣቱን አሳረፈበት።

«ምን ቀብታችሁበት ነው? ይላል» አለኝ አስተርጓሚው።

እኔም አየሁት። ስጠቀልል የእጄ አንጓ ነክቶት ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ አንጓዬን አሳየሁት። «የሐዘን ልብሴ ቀለም ነው። ዛሬ ጠዋት ነው ያወለቅሁት።»

አስተርጓሚው ነገረው። ሰውየው አንጓዬን አየ፤ ፋሻውን ወደ አፍንጫው አቅርቦ አሸተተ። ከዚያ እንደ ደንቡ የሚፈርመውን ፊርማ በዚያው በጥቁሩ ላይ ፈረመ።

አዳራሹ ሞልቷል። በአንድ በኩል የወሎ ሰፈር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ዘሀራ ሱቋን ዘግታ መጥታለች። አስተዋዋቂው ከቅጹ ላይ ማንበብ ጀመረ። «ከኢትዮጵያ፣ ይመር። አሰልጣኝ መኮንን። ረዳት ጥሩወርቅ።» የመኮንን ስም በድምፅ ማጉያ ከጣሪያው ላይ ተመለሰ። ይመር ዓይኑን አላነሣም፤ ሁለቱን ጓንቶቹን ግን አንድ ጊዜ አጋጨ።

የገጠመው ታንዛኒያዊ ረጅም ነው። በመጀመሪያው ዙር ይመር ሊደርስበት አልቻለም። በሁለተኛው ሰውዬው አገጩን አገኘውና ይመር ወደቀ። የመሃል ዳኛው ስድስት ሲቆጥር ተነሣ። ደወሉ ሲመታ በርጩማውን አስገባሁ።

«ደህና ነህ?»

«ፊቴን ብርድ መታው እትዬ» አለኝ። «ባዶ ነው።»

«ሁሉም ባዶ ነው። የሱም ባዶ ነው። ተንፍስ።» ቫዝሊን ቀባሁት። መኮንን በአንዷ ደቂቃ ዕረፍት ከሁለት ቃል በላይ አይናገርም ነበር፤ እኔም እነዚያን ሁለት ቃላት ነገርሁት። «ተጠጋ። ሆዱን።»

በሦስተኛው ተጠጋ። በአራተኛው የረጅሙ ሰውዬ ክንድ ወረደ፤ ይመር ሆዱን እየመታ እስከ ገመዱ ገፋው። አራቱ ዙር ሲያልቅ ዳኞቹ ድሉን ለይመር ሰጡ። የወሎ ሰፈር ሰዎች ወንበር ላይ ቆሙ። እኔ መቀሱን ይዤ ፋሻውን ቀደድሁ፤ የተፈረመበትን ቁራጭ ግን ሻንጣው ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

እሑድ

በማግስቱ የገጠመው ኡጋንዳዊ ግራኝ ነው። ብዙ የሚጻፍ የለም። ይመር ሁለት ዙር ጥሩ ቆመ። በሦስተኛው ከጎድኑ በታች አንዲት ቡጢ አገኘችው፤ በጉልበቱ ወረደ። አየር አጥሮት አፉን ከፍቶ ወደ እኔ ያያል። ዳኛው ዘጠኝ ሲል አንድ እግሩን አነሣ፤ አሥር ሲል ሌላኛው ገና ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ግራ ዓይኑ ላይ በረዶ ያዝሁለት።

«አሳፈርሁዎት?» አለኝ።

«ሪንጉ ውስጥ ቆመህ ነበር?»

«ቆሜ ነበር።»

«እሱን ነው ያስጻፈኝ።»

ኡጋንዳዊው መጥቶ አቀፈው። አገጩን ነካ አድርጎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለው፤ ዓርብ ዕለት ጢምህን አይቼ ፈርቼህ ነበር ማለቱ እንደ ሆነ አስተርጓሚው ነገረን። ይመር ዓይኑ እስኪያመው ሳቀ።

ሰኞ፣ መመለስ

ዘሀራ የክፍሉን ኪራይ አልቀበልም አለች። ቀሚሷንና ነጠላዋን ላወልቅ ስል ከለከለችኝ። «ከሐዘን የወጡበትን ልብስ መልሶ መስጠት አለ እንዴ?» አለች። ከሌን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሼህ እንድሪስ ታክሲው ድረስ መጡ።

አውቶቡሱ ደብረ ሲና ላይ ቆመ። ያችው ቆሎ ሻጭ መስኮቱ ሥር መጣች። ይመርን አላወቀችውም። ያበጠ ዓይኑን አይታ «ማን እንዲህ አደረገህ?» አለችው። «አባ ናቸው» አላት። ቆሎ ገዛናት፤ ኮምቦልቻ እስክንደርስ በላን።

ትርንጎ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። ስወርድ ነጠላዬን አየች። ወደ እኔ የጀመረችውን እርምጃ አቆመች።

«ማን አወጣሽ?» አለች።

«የወሎ ሰፈር ሰዎች።»

«እኔ እያለሁ?»

«ይመር እንዲገባ ነው ትርንጎ። እኔ ካልወጣሁ እሱ አይላጭም፣ ካልተላጨ አይገባም።»

ወደ ይመር ዞረች፤ የተላጨ ፊቱን፣ ያበጠ ዓይኑን አየች። «ገባህ?»

«ገባሁ። አንዱን አሸነፍሁ፣ ሁለተኛው ጣለኝ» አለ። «የጋሼን ስም በድምፅ ማጉያ ጠሩት።»

ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከፊታችን ሄደች። እቤት ስንደርስ መደቡ ላይ ታጥፎ የተቀመጠ አዲስ ነጠላ ነበር። ሸማኔው ቅዳሜ ዕለት አድርሶታል። ፈትሉ ቀጭንና እኩል ነው፤ አንድም ቋጠሮ የለበትም። «ለዓመቱ ብዬ ነበር» አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ። «እንግዲህ ሳጥን ውስጥ አስገቢው።»

ጀርባዋን አየሁት። የእሷም ከል ቀለሙ ለቆ አንገቷ ላይ ወርዷል። ሰባት ወር ሙሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር አንገቷን አላየሁትም። መኮንን የእሷ ወንድም ነበር፤ ልጅ ሆኖ በጀርባዋ ያዘለችው እሷ ናት። ሰው ሁሉ ግን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይል የነበረው ለእኔ ነው።

«ይመር፣ ጎረቤቶቹን ጥራ» አልሁት። «አስቸኳይ ነው በላቸው።»

«ለምን?» አለች ትርንጎ፤ ዞረች።

ነጠላውን ከመደቡ ላይ አነሣሁና ዘረጋሁት። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ነገር ቢኖር የራስን ከል ሌላ ሰው እንደሚያወልቀው ነው፤ ያን ሌላ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ከሩቅ መጠበቅ አያስፈልግም።

«ተቀመጪ» አልኋት። «ሎሚና ሳሙና ላምጣ።»